ሎተሪው ለእቴቴ ቢደርስ

ባለፈው ጳጉሜን ነው። አዲስ ዓመት ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው የአዲስ አበባ አስፋልት ዳር በሙሉ የሎተሪ አዟሪ ይሆናል፤ ታውቁታላችሁ። «እንቁጣጣሽ! እንቁጣጣሽ ሎተሪ! የነገው ሚሊየነር!» የሚለው ጩኸት ከታክሲ ረዳቶች ጩኸት ጋር ተደባልቆ ጆሮ ያደነቁራል። ከታናሽ እህታችን ጋር ሆነን እቴቴን ከቤተ ክርስቲያን እየመለስናት ነበር። (እቴቴ የምንላት አያታችንን ነው። አንቱ የማንላት እሷው ስላሳደገችን ነው እንጂ ባለጌ ሆነን አይደለም።) ዐሥራ አምስት ዓመት የማይሞላው አንድ ልጅ ትኬት የደረደረበትን ካርቶን ፊታችን ደቀነ። እኛ እንደ ልማዳችን እጃችንን አወናጭፈን ልናልፈው ስንል እቴቴ ቆመች። መቀነቷን ፈታች። ቋጠሮውን በጥርሷ ልትፈታው ሞከረች፤ የቀረው ጥርስ ለዚያ አይበቃም፤ በጥፍሯ ፈታችው። ሁለት ትኬት ቆረጠች።

«እቴቴ፣ ቢደርስሽ ምን ልታደርጊበት ነው?» አልናት እየሳቅን።

«ሲደርሰኝ እነግራችኋለሁ» አለችንና ትኬቶቹን መቀነቷ ውስጥ መልሳ ቋጥራ መንገዷን ቀጠለች።

እኛም ሳቃችንን ቀጠልን። ማታ ግን ነገሩ ከነከነን።

ይኼ ጥያቄ ለእኛ አዲስ አይደለም። ጋዜጠኝነት ስንማር የመጀመሪያው የመንገድ ላይ ልምምዳችን እሱ ነበር። «አንድ ሚሊዮን ብር ቢደርስዎ ምን ያደርጋሉ?» መቅረጸ ድምፅ ይዘን ወጣን፤ ጠየቅን፤ ተመለስን። ግን ማንን ነበር የጠየቅነው? እኩዮቻችንን! መልሱም እንደምትገምቱት ነው፤ መኪና፣ ዱባይ፣ «የራሴን ቢዝነስ»፣ ካናዳ። በዚያ ሁሉ ቅጂ ውስጥ ፀጉሩ የሸበተ አንድም ሰው አልነበረም። መምህራችንም ለምን የለም ብሎ አልጠየቀንም፤ እኛም ልብ አላልነውም። ሽማግሌ ፊት ማይክ የሚደቀነው ስለ ድሮ ሲሆን ነው። ንጉሡን በዓይንዎ አይተዋቸዋል ወይ? በደርግ ጊዜ ቀበሌ ስኳር እንዴት ነበር የሚያድለው? የረጅም ዕድሜዎ ምስጢር ምንድን ነው? አሁን ምን እንደሚያምራቸው ግን ማን ጠይቋቸው ያውቃል?

እናም የበዓሉን ሳምንት ሰፈራችንን ዞርን። ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ ይዘን ነው፤ ሰፈር ውስጥ መቅረጫ ከወጣ ሌላ ወሬ ይሆናል። ጥናት አደረግን አንላችሁም። የእንቁጣጣሽ ቡና እየጠጣን፣ ቄጤማ ላይ ተቀምጠን፣ የምናውቃቸውን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ጠየቅን፤ በቃ።

ጡረተኛው መምህር ለጥያቄው ተዘጋጅተው የኖሩ ይመስል ወዲያው መለሱ። ዓረብ አገር ያለችውን ልጃቸውን ያስመጡላታል፤ ሱቅ ይከፍቱላታል። ያስተማሩበትን ትምህርት ቤት ጣራ ያስቀይሩለታል፤ ክረምት ክረምት ያፈስ ነበርና። ጉልት የሚቸረችሩት እማማ የባለቤታቸውን ሐውልት ነው ያሠሩለት። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰውየው ያለ ምልክት መተኛቱ እንቅልፍ ይነሳቸዋል። ከዚያ የቀረውን ለልጅ ልጃቸው። ሐጂ ደግሞ ጥያቄውን ራሱን አልተቀበሉትም። «ሎተሪ ቁማር ነው፤ ሐራም ነው፤ እንኳን ልቆርጥ መንገድ ላይ ወድቆ ባገኘው አላነሣውም» አሉን። ይቅርታ ጠይቀን ልንነሣ ስንል «ከሌላ ከሐላል ገንዘብ ከሆነ ግን» ብለው ለመስጊዱ ስለሚያስቆፍሩት የውኃ ጉድጓድ አንድ ሰዓት አጫወቱን።

የዘበኛው አባባ መልስ ነው ያሳቀን።

«ሁለት በሬ እገዛለሁ።»

«አባባ፣ ሚሊዮን ብር ነው ያልንዎ!»

ጥቂት አሰቡና «እሺ አራት ይሁን» አሉ። ባንክ ቢያስቀምጡትስ ብንላቸው «ብር ይቀየራል፤ በሬ አይቀየርም» ብለው ዘጉን። በሬዎቹ አገር ቤት ላለው ወንድማቸው ናቸው።

ጡረተኛው የሃምሳ አለቃ ግን አንድ ዓመት ሙሉ ለማንም አይናገሩም፤ ለሚስታቸውም ጭምር። ከዓመት በኋላስ? «ከዓመት በኋላም ቀስ ብዬ ነው።»

ቤት ገብተን ደብተሩን ስናገላብጠው አንድ ነገር ታየን። ያኔ የጠየቅናቸው እኩዮቻችን «እገዛለሁ፣ እከፍታለሁ፣ እሄዳለሁ» ነበር ያሉት። የነዚህኞቹ ግሥ ግን ሁሉም «-ላት»፣ «-ለት»፣ «-ላቸው» ላይ ነው የሚያልቀው። አሠራለታለሁ። አስመጣላታለሁ። እከፍልላቸዋለሁ። ለራሳቸው አንድ ሳንቲም ያወጣ የለም። የዘበኛው በሬ እንኳ የሌላ ሰው ነው!

ይኼን ለጓደኞቻችን ስናወራ ሁለት ዓይነት አስተያየት ተሰጠን። አንደኛው «ሽማግሌ ምን ምኞት አለው፤ ጊዜው አልፎበታል» የሚል ነው። ይኼን ያለው ጓደኛችን የሰማንያ ዓመት አያቱን ምን ያምርሃል ብሎ ጠይቆ እንደማያውቅ ስላመነ እንተወው። ሁለተኛው ግን ብዙ ሰው የሚወደው ነው፤ «አያችሁ የኛ አገር ሰው ደግነት! ይኼ ነው ባህላችን!» ደግነቱን አልካድንም። ግን ይኼ ሙገሳ የሚመቸው ለማነው? ለተቀባዩ አይደለም? አያት ምንም ካልፈለገች እኛም ምንም አልወሰድንባትም ማለት ነው። እንዴት ያለች ምቹ አያት ናት!

እኛ እንደገባን ከሆነ ነገሩ ደግነት ብቻ አይደለም። ዕድሜያቸውን አስሉት። ብሔራዊ ሎተሪ የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ዛሬ ሰባውን ያለፉት ሰዎች ሎተሪው ሲጀመር ልጆች ነበሩ፤ አብረውት አድገዋል። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግም ሄደ፤ ሎተሪው እስከ ዛሬ ይወጣል። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ውስጥ ግን እነሱ ያዩት ገንዘብ በድንገት ሲመጣ ሳይሆን በድንገት ሲሄድ ነው። ሐምሌ 1967 ላይ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። ዕድሜ ልኩን ቆጥቦ የሚያከራያትን አንዲት ቤት የሠራ ሰው በአንድ ቀን የሬዲዮ ዜና ባዶ እጁን ቀረ። በ1969 የብር ኖት ተቀየረ። በ1990 እንደገና ተቀየረ። መስከረም 2013 ላይ አሁንም ተቀየረ፤ ባለ ሁለት መቶ ብሩ የመጣው ያኔ ነው። በሐምሌ 2016 ደግሞ የውጭ ምንዛሬው በገበያ ይመራ ተባለና ከሃምሳ ሰባት ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። የዘበኛው አባባ ብር ይቀየራል ያሉት ለቀልድ አልነበረም። የሃምሳ አለቃው ዝምታም ስስት አይደለም፤ አለኝ ያለ ሰው ምን እንደደረሰበት በዓይናቸው አይተዋል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ኖሮ ገንዘብን ሰው ላይ ማስቀመጥ፣ ማለት ልጅ ላይ፣ ወንድም ላይ፣ ዕድር ላይ፣ ከባንክም ከፍራሽም ይሻላል ብሎ የደመደመ ሰው ሞኝ ነው ትላላችሁ?

ለነገሩ የ2013ቱን የብር ቅያሬ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ያን ጊዜ በየቤቱ ምን እንደተደረገ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ሦስት ወር ተሰጠ፤ አሮጊቶቹ የደበቁትን ማውጣት ግድ ሆነባቸው። እቴቴም አንድ ቀን ጠርታን በሩን ዘግታ ከአልጋዋ ሥር የድሮ የወተት ጣሳ አወጣች። ስንት ብር እንደነበረበት አንጽፍም፤ ትቆጣናለች። ብሩ ግን አንድ ላይ አልነበረም፤ በጨርቅ ቁርጥራጭ ለየብቻው ተቋጥሯል። «ይኼ የከፈኔ ነው። ይኼ የተዝካሬ። ይኼ የእናንተ ምርቃት፤ በግ ይገዛበታል። ይኼ ደግሞ…» አለችና አንዷን ትንሽ ቋጠሮ ያዝ አድርጋ ቆየች። «ይኼስ?» ስንላት «ይኼ ዝም ብሎ ነው» ብላ ከተዝካሩ ጋር ደባለቀችው።

ባንክ ቤት ተሰልፈን ቀየርንላት። ያቺን «ዝም ብሎ ነው» ያለቻትን ቋጠሮ ግን እስከ ባለፈው እንቁጣጣሽ ድረስ አላሰብናትም።

ወደ ዳሰሳችን እንመለስ። መልሶቹ ስላላረኩን በማግሥቱ ተመልሰን ሄድን። «ትናንት ያሉንን ሁሉ አደረጉ እንበል፤ ልጅዎም መጣች፣ ሐውልቱም ቆመ፣ በሬውም ተገዛ። ለራስዎስ?» ሁሉም፣ ሳይመካከሩ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር መለሱልን። «ለእኔማ ምን ያስፈልገኛል?» ይቺን ዓረፍተ ነገር እናንተም ቤት ሰምታችኋታል። ጥያቄ ትመስላለች እንጂ በር መዝጊያ ናት። እኛ ግን ሙያችን ነውና በሩ ላይ ቆምን፤ ዝም አልን። (ከአራት ዓመት ትምህርት የጠቀመን አንድ ነገር ቢኖር ጠይቆ ዝም ማለት ነው።)

መምህሩ ጥርስ አሉ። «ሥጋ ካኘክሁ ስንት ጊዜዬ!» ጉልት የሚቸረችሩት እማማ መደገፊያ ያለው ወንበር ይፈልጋሉ፤ ድንጋይ ላይ ሲቀመጡ ውለው ማታ ወገባቸው አይታጠፍም። የዘበኛው አባባ ብዙ ሲያቅማሙ ቆይተው፣ መሬት መሬት እያዩ፣ «አንድ ወር ሌሊት ሌሊት መተኛት» አሉ። ሐጂ ሳቁብንና ዓይናቸውን አሳዩን፤ አንደኛው ላይ ሞራ ወጥቶበታል። የሃምሳ አለቃው አሁንም አልተናገሩም።

ጥርስ። ወንበር። እንቅልፍ። ዓይን። ለዚህ ሚሊዮን ብር ያስፈልጋል? ወንበሩማ እኛ በወር ለሞባይል ካርድ የምናወጣውን አይሞላም! እነዚህ ሰዎች ሁሉ ደግሞ ልጅና የልጅ ልጅ ያላቸው ናቸው፤ አንዳንዶቹም ደህና ደመወዝ የሚበላ ልጅ። ልጆቹ ክፉ ሆነው አይመስለንም። «ለእኔማ ምን ያስፈልገኛል» ሲባሉ አምነው ነው። ማመን ደግሞ ርካሽ ነው።

እዚህ ላይ ጽሑፋችንን ብንጨርስ ደስ ባለን። የሰፈሩን ሰው ልጆች ወቅሰን ቸር እንሰንብት ማለት ቀላል ነበር። እቴቴ ግን ቀርታለች።

እቴቴ በ1997 ኮንዶሚኒየም ከተመዘገቡት ሰዎች አንዷ ናት። ባለ አንድ መኝታ። ዕጣው የወጣላት በ2008 ነው፤ ዐሥራ አንድ ዓመት ጠብቃ። ስሟ ከዝርዝሩ ላይ የተገኘ ቀን ቤታችን እልልታው እስከ ምሽት አልበረደም። ኮንዶሚኒየም ዕጣ ማለት ለአዲስ አበባ ሰው ከሎተሪም በላይ ሎተሪ ነው። ሐምሌ 2014 ላይ ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ወጣ ተብሎ ሰው እልል ካለ በኋላ ሲስተሙ ላይ ማጭበርበር ተገኘ ተብሎ ሲሰረዝ፣ ኅዳር 2015 እንደገና እስኪወጣ ድረስ በየሰፈሩ የነበረውን ጭንቀት ያየ ሰው ይኼን አይስተውም። እና ለእኛዋ እቴቴ በድንገት ወጣላት። ምን አደረገችበት?

ቁልፉን የተቀበለች ቀን ሄደን አየነው፤ አራተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰር የለውም። አንድ ጊዜ ወጣች፤ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየችው፤ ግድግዳውን በመዳፏ ዳበሰችው። ወረደች። ከዚያ «ጉልበቴ አይችለውም። አከራዩትና ልጆቹ ይማሩበት» አለች። አጎቶቻችን «እውነቷን ነው፤ በዚህ ዕድሜ ደረጃ አይሆንም» አሉ። እኛም ያኔ ልጆች ብንሆንም «እውነቷን ነው» አልን። በየዓመቱ እንጦጦ ማርያም በእግሯ የምትወጣ ሴት መሆኗን ማንም አላስታወሰም። አላስታወሰም ሳይሆን አላነሣውም።

ቤቱ ተከራየ። ኪራዩ መጀመሪያ የባንኩን ዕዳ ከፈለ፤ የተረፈው የእኛን የትምህርት ቤት፣ ቀጥሎ የኮሌጅ ክፍያ። ይኼን ጽሑፍ የምንጽፍበት ዲግሪ የአያታችን ዕጣ ነው። እሷ እዚያው አሮጌው ሰፈር፣ ጭቃ ግድግዳ ያላት አንዲት ክፍል ተከራይታ ቀረች። ሽንት ቤቱ ከግቢው ጫፍ ነው፤ ሰባት አባወራ ይጋራዋል፤ ክረምት ላይ መንገዱ ያንሸራትታል። ሁለት ዓመት ይሆነዋል ሌሊት ወጥታ ወድቃ እጇ ተሰብሮ ወጌሻ ጋ ያመላለስናት። ያኔም የገዛንላት የእጅ ባትሪ ነው!

እሷን የጠየቅናት መጨረሻ ነው። እንደ ሌሎቹ ተራ አስይዘን፣ እሑድ ከሰዓት፣ ቡና እያፈላች። በአቦሉ «ሎተሪው ቢደርስሽስ?» አልናት፤ ለእናንተ ሠርግ፣ ለቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ፣ ለተዝካር አለች። በቶናው «ለራስሽስ?» ስንላት የታወቀችዋን መለሰች፤ ለእኔማ ምን ያስፈልገኛል። በረካው ሲቀዳ ዝም አልን። ሲኒዎቹን አንድ በአንድ አለቀለቀች፤ ረከቦቱ ላይ ደረደረች። ከዚያ ወደ እኛ ሳታይ እንዲህ አለች።

«ሽንት ቤት። ቤት ውስጥ ያለ። ሌሊት ሻማ ይዤ የማልወጣበት። በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ።»

እህታችን ተነሥታ ወጣች። እኛ ደብተሩ ላይ ጻፍነው፤ ሌላ ምን እናድርግ? እዚያ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በእሷ ስም፣ በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ ሽንት ቤት አለ። ዐሥር ዓመት ሊሞላው ነው ሌላ ሰው እየከፈለ ሲጠቀምበት። ሎተሪው ደርሷት ነበር። የበላነው እኛ ነን።

ሰበብ ልንደረድር እንችላለን። ያኔ ልጆች ነበርን፤ አልወሰንንም። እሺ። ከተመረቅን ግን ሁለት ዓመት ሆነን። እህታችንም ባለፈው ዓመት ጨርሳለች። የኮሌጅ ክፍያ የሚባል ነገር ቤታችን ውስጥ የለም። ኪራዩ ግን በየወሩ ይመጣል፤ አንድ ወር የአጎታችን መኪና ጎማ ይሆናል፣ አንድ ወር የእኛ የቤት ኪራይ ማሟያ ይሆናል፣ አንድ ወር የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ያልቃል። «አሁን ይበቃል፣ የእቴቴን ለእቴቴ» ያለ የለም። ደግነቷን አክብረን አይደለም ዝም ያልነው፤ ስለጠቀመን ነው። ይኼን ለመጻፍ ከብዶናል፤ ቤተሰቦቻችን ይህን ገጽ እንደሚያነቡም እናውቃለን። ያንብቡት።

ለመስቀል ቤተሰብ ሲሰበሰብ ነገሩን አነሣነው። መጀመሪያ ዝምታ ሆነ። ቀጥሎ አጎታችን «ጉልበቷስ?» አለ። ለጉልበቷ መድኃኒት እንዳለው፣ ያም ባይሆን ኪራዩ ምድር ቤት ያለች፣ ሽንት ቤቷ ውስጧ የሆነች አንዲት ጥሩ ስቱዲዮ እንደሚከራይላት አስልተን በወረቀት ይዘን ነበር የሄድነው። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አክስታችን አለቀሰች፤ ማን ላይ እንደሆነ አልተናገረችም። እቴቴ ግን ማንንም አልሰማችም። «ተከራዮቹ ሕፃን አላቸው፤ በመሀል ዓመት የት ይሄዱላችኋል?» ብላ ተቆጣች። ይኸው፤ አሁንም «-ላቸው»!

ስምምነቱ ውላቸው እስኪያልቅ ይቆዩ የሚል ነው። እስከ ሰኔ። እስከዚያ ኪራዩ የሚገባው በስሟ በተከፈተ የባንክ ደብተር ነው፤ ሂሳቡን የምንከታተለው እኛ ነን። አጎታችን ደስ አላለውም፤ ይልመደው።

ትኬቶቹን አየንላት። አልወጡም። «ለገና እቆርጣለሁ» ብላ ቀድዳ ምድጃው ውስጥ ከተተቻቸው። ልንሄድ ስንነሣ በር ድረስ ሸኘችንና ጎረቤት እንዳይሰማት ድምፅዋን ቀንሳ ጠየቀችን።

«እዚያኛው… ሽንት ቤቱ መስኮት ነበረው እንዴ?»

ማናችንም አላስታወስንም። ቅዳሜ ሄደን እናያለን።